የጓሮ አትክልት ልማትና የበጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ስልጠና

በአገራችን ከተሞች በመኖሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በመንግስት መስሪያ ቤቶች ቅጥር ግቢ አትክልት የማልማት ተግባር ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰፊ ትኩረት ማግኘቱ ይታወቃል። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሃ ግብር ነዋሪውን ከችግኝ ጋር በስፋት ያገናኘ ሲሆን፣ በህዳር ወር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ከተማ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ደግሞ ቤተሰብ በግቢው ውስጥ ለምግብነት የሚውል ምርት እንዲያመርት የሚያበረታታ ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ የዘር፣ የችግኝና የጫጩት ስርጭት በከተማ አስተዳደሮች ዕቅድና ሪፖርት ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

ይሁንና ዘርና ችግኝ ማከፋፈል በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ ስራ ነው። ውጤቱ የሚለየው ከስርጭቱ በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት ነው። የቆስጣው ቅጠል ሲበሳሳ፣ ቲማቲሙ አበባ አውጥቶ ፍሬ ሳይቋጥር ሲቀር ወይም የጎመኑ ቅጠል ቢጫ እየሆነ ሲሄድ ነዋሪው ማንን ይጠይቃል? በገጠር ቀበሌ ለዚህ ጥያቄ ቢያንስ በመዋቅር ደረጃ መልስ አለ፤ የልማት ጣቢያ ሰራተኛው። በከተማ ግን ለበርካታ ሺህ አባወራዎችና እማወራዎች የተመደቡት የግብርና ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ ከስራ ሰዓታቸው ብዙውን የሚያሳልፉት በስብሰባ፣ በመረጃ ማሰባሰብና በሪፖርት ዝግጅት ነው። በመሆኑም ነዋሪው ጎረቤቱን ወይም የፀረ ተባይ ኬሚካል ሻጩን ይጠይቃል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ የሻጩ ስህተት ግን በዋጋም በጤናም ይበልጥ ውድ ነው።

ይህን መሰል ችግር የገጠማት አገር ኢትዮጵያ ብቻ አይደለችም። ከ50 ዓመታት በፊት በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በምትገኘው የዋሽንግተን ግዛት ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ የተሰጠው መልስ፣ የማህበረሰቡን አባላት አሰልጥኖ የበጎ ፈቃድ የአትክልት አስተማሪ ማድረግ ነበር። ይህ አሰራር ዛሬ ‘ማስተር ጋርደነር’ ወይም በአማርኛ ሲመለስ ‘ሊቀ አትክልተኛ’ በሚለው መጠሪያ የሚታወቅ ሲሆን፣ አነሳሱ፣ አደረጃጀቱና ድክመቱ የከተማ ግብርናን ለሚመሩ አካላት ጠቃሚ ትምህርት የያዘ ነው።

እ.ኤ.አ በ1972 ዴቪድ ጊቢ የተባሉ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ባለሙያ ሲያትልና ታኮማ የተባሉትን ትላልቅ ከተሞች በያዙት በኪንግና በፒርስ ካውንቲዎች ተመድበው ይሰሩ ነበር። ስራቸው በዋናነት ለገበያ የሚያመርቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾችን ማገዝ ቢሆንም፣ ከከተማ ነዋሪዎች ስለ ጓሮ ተክሎቻቸው የሚቀርበው የስልክ ጥያቄ ከአቅም በላይ ሆነ። ባለሙያው ስልክ ሲያነሱ ቢውሉ አምራቾቹ ይጎዳሉ፤ ስልኩን ቢተዉት ደግሞ ግብር ከፋዩ ነዋሪ ያለ አገልግሎት ይቀራል። በዚህ ጊዜ ነው ባለሙያውና የስራ ባልደረቦቻቸው በአትክልት ስራ ልምድ ያላቸውን ነዋሪዎች መልምሎ የማሰልጠንን ሃሳብ ያቀረቡት።

ሃሳቡ ወዲያውኑ ተቀባይነት አላገኘም። የዩኒቨርሲቲው ከፍተኛ ባለሙያዎች በዘርፉ ያልተመረቀ ሰው በተቋሙ ስም ምክር መስጠቱ አደገኛ ነው በሚል ተጠራጠሩት። ክርክሩ የተፈታውም በተጨማሪ ስብሰባ ሳይሆን በሙከራ ነበር። በታኮማ ከተማ በሚገኝ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ነዋሪው የታመመ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይዞ እንዲመጣ አደረጉ። የመጣው ሰው ብዛት ተጠራጣሪዎቹን አሳመነ። የመጀመሪያው ስልጠና እ.ኤ.አ በ1973 በሁለቱ ካውንቲዎች ተሰጠ። መጠሪያውም በጀርመን አገር በአንድ ሙያ ብቃታቸውን ላስመሰከሩ ሰዎች ከሚሰጠው የማዕረግ ስም የተወሰደ ነው።

አሰራሩ በተጀመረበት ግዛት ሳይወሰን በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች፣ በካናዳ የተለያዩ አካባቢዎችና በደቡብ ኮሪያ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ በ2009 በአሜሪካ በተካሄደ አገር አቀፍ ዳሰሳ ወደ 95 ሺህ የሚጠጉ በስራ ላይ ያሉ በጎ ፈቃደኞች እንደነበሩና በዓመቱ ከ5 ሚሊዮን ሰዓት በላይ አገልግሎት እንደሰጡ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ መለኪያው ሰዓት መሆኑ ሊጤን ይገባል። በስልጠና አዳራሽ የተገኘው ሰው ቁጥር የአገልግሎቱ መለኪያ ተደርጎ አልተወሰደም።

የስልጠናው ይዘትና ደንብ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መሰረቱ አንድ ነው። ፍላጎት ያለው ሰው ያመለክታል፤ ብዙውን ጊዜም ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። ከዚያም በአብዛኛው ከ40 ሰዓት ያላነሰ ትምህርት ይከታተላል። ትምህርቱ የዕፅዋትን አካልና አስተዳደግ፣ አፈርንና ማዳበሪያን፣ ተባይንና በሽታን፣ የፀረ ተባይ ኬሚካል ጥንቃቄን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ችግርን መርምሮ የመለየት ዘዴንና አዋቂዎችን የማስተማር ብልሃትን ያካትታል። ሰልጣኙ ፈተና ካለፈ በኋላም ማዕረጉን ወዲያውኑ አያገኝም። በመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ሰዓት የሚደርስ አገልግሎት መስጠት ይጠበቅበታል። በቀጣዮቹ ዓመታትም የተወሰነ የአገልግሎትና የተከታታይ ትምህርት ሰዓት ካላሟላ መታወቂያው አይታደስለትም። በሌላ አነጋገር ስልጠናው ስጦታ ሳይሆን በጉልበትና በጊዜ የሚመለስ ብድር ነው።

ከደንቦቹ መካከል ሦስቱ ለእኛ አገር ሁኔታ የተለየ ትርጉም አላቸው። የመጀመሪያው አስተማሪው የሚሰጠው ምክር በዩኒቨርሲቲው ጥናት ላይ የተመሰረተ እንዲሆን የሚያስገድደው ነው። በተለይ ኬሚካልን በሚመለከት ተቋሙ አሳትሞ ካወጣው መመሪያ ውጭ የግል ልምድን ማማከር አይፈቀድም። ሁለተኛው ማዕረጉን ለግል ንግድ ማስታወቂያ መጠቀምን የሚከለክለው ነው። ችግኝ የሚሸጥ ሰው አስተማሪ መሆን ይችላል፤ በሱቁ በር ላይ ማዕረጉን መለጠፍ ግን አይችልም። ሦስተኛው ደግሞ አስተማሪው የማያውቀውን ጥያቄ “አላውቀውም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ” ብሎ ወደ ባለሙያ እንዲያስተላልፍ የሚያስተምረው ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ሆኖም “አላውቅም” ማለት እንደ ውርደት በሚታይበት የስራ ባህል ውስጥ ከዕፅዋት ሳይንሱ ይልቅ ለማስተማር የሚከብደው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሰራሩ ድክመት የለውም ማለት አይደለም። በአሜሪካ በተደጋጋሚ የተደረጉ ዳሰሳዎች እንደሚያሳዩት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች በዕድሜ የገፉ፣ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡና የኑሮ ሁኔታቸው የተሻለ ነጮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ሴቶቹ ይበዛሉ። በዚህም ምክንያት ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰፈሮችና ከሌላ አገር የሄዱ ማህበረሰቦች ከአገልግሎቱ የሚያገኙት ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል። በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሲያትል ከተማ አስተዳደር የመጀመሪያው ስልጠና በተሰጠበት በ1973 ለነዋሪዎች በጋራ የሚለሙ የአትክልት ቦታዎችን የማከራየት ፕሮግራም የጀመረ ሲሆን፣ ከምስራቅ አፍሪካ የሄዱ ነዋሪዎችም ከተጠቃሚዎቹ መካከል ይገኙበታል። ቦታውን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በራስ ቋንቋ የሚያስረዳ አስተማሪ ማግኘት ሌላ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከመጀመሪያው ዓመት የግዴታ ሰዓት በኋላ አገልግሎቱን የሚያቋርጡ ሰልጣኞች መኖራቸው የዘወትር ችግር ነው።

ሌላው በቅጡ ሊታወቅ የሚገባው ጉዳይ በጎ ፈቃደኛ ማለት ወጪ የሌለው ሰራተኛ ማለት አለመሆኑ ነው። ለበጎ ፈቃደኛው ደመወዝ አይከፈልም፤ በጎ ፈቃደኞችን የሚመለምል፣ የሚያሰለጥን፣ ሰዓታቸውን የሚመዘግብና ጥያቄያቸውን የሚመልስ አስተባባሪ ግን ደመወዝ ይከፈለዋል። የአስተባባሪው የስራ መደብ ሲታጠፍ ፕሮግራሙም አብሮ ይዳከማል።

የአሜሪካው አሰራር ከአገራችን የግብርና ኤክስቴንሽን ታሪክ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። አሰራሩ የቆመው እ.ኤ.አ በ1862 በወጣው የመሬት ስጦታ ዩኒቨርሲቲዎች ህግና በ1914 በወጣው የኤክስቴንሽን አገልግሎት ህግ ላይ ሲሆን፣ የእነዚህ ህጎች ፍሬ ሃሳብ ማስተማርን፣ ምርምርንና ዕውቀትን ወደ ህዝብ ማድረስን በአንድ ተቋም ጣሪያ ስር ማሰባሰብ ነው። በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመውና የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአለማያ ኮሌጅም ይህንኑ ሦስት ኃላፊነት ይዞ ነበር የተነሳው። የኤክስቴንሽኑ ኃላፊነት እ.ኤ.አ በ1963 ከኮሌጁ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ዝውውሩ አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ ለማዳረስ የመዋቅር ጠቀሜታ ነበረው። ነገር ግን ምክር ሰጪውና ተመራማሪው በየፊናቸው እንዲቆሙ አድርጓል። የዚህ ርቀት ጫና ዛሬም በከተማ ግብርና ላይ ይታያል።

ከዚያ በኋላ በተካሄዱት ፕሮግራሞች አርሶ አደርን በአርሶ አደር የማስተማር ዘዴ በተለያየ መልክ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ሞዴል አርሶ አደሮችን ለትምህርት ማስተላለፊያነት ተጠቅሟል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ፕሮግራም፣ የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከላት ግንባታና በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሃብት የሰለጠኑ ባለሙያዎች ምደባ ተከትለዋል። ኢትዮጵያ ለአርሶ አደሩ በመደበቻቸው የልማት ሰራተኞች ጥግግት በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች መካከል ትጠቀሳለች። የዚህ ሁሉ ጥረት ትኩረት ግን ገጠሩና ዋና ዋና ሰብሎች ነበሩ፤ የከተማው ጓሮ በየትኛውም ፓኬጅ ውስጥ ዋና ርዕስ ሆኖ አያውቅም።

ለጓሮ አትክልት አስተማሪዎች ይበልጥ የሚቀርበው ተሞክሮ ምናልባት ከጤናው ዘርፍ የሚገኘው ነው። በ1995 ዓ.ም በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አንድ ቤተሰብ ‘ሞዴል’ ለመባል 96 ሰዓት የሚወስድ ስልጠና እንዲከታተልና የተማረውን በቤቱ በተግባር እንዲያሳይ ይጠበቅ ነበር። እዚህም ሰዓትና ተግባር መለኪያ ሆነው ነበር ማለት ነው። በየቀበሌው ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች መኖራቸውም አስተባባሪ የሌለው በጎ ፈቃደኝነት እንደማይዘልቅ የተረዳ አደረጃጀት ነበር።

በኋላ የተደራጀው የሴቶች የልማት ሰራዊት ግን ሌላ ገጽታም ነበረው። በአማራ ክልል የገጠር ቀበሌዎች የተካሄዱና በዓለም አቀፍ የሙያ መጽሔቶች የታተሙ ጥናቶች፣ ጎረቤቶቻቸውን እንዲያስተምሩ የተመደቡት ሴቶች ያለ ክፍያ የሚሸከሙት ስራ በኑሯቸው ላይ ጫና እንዳሳደረ አመልክተዋል። ሴቶቹ ከእርሻ፣ ከልጅ አስተዳደግና ከቤት ውስጥ ስራ በላይ ስብሰባና ሪፖርት ተጨምሮባቸዋል። በመዝገብ ላይ ‘በጎ ፈቃደኛ’ ተብሎ የሰፈረ ሰው በእውኑ ፈቅዶ ስለመምጣቱ ካልተረጋገጠ ቃሉ ትርጉም ያጣል። በቀበሌ ኮታ የተመለመለ አስተማሪ ኮታው ሲሞላ ይጠፋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ሲጠፋ እርሱን አምነው የተከሉትንም ተስፋ አስቆርጦ መሄዱ ነው።

የኮታው ሌላ ገጽታ የስልጠና አበል ነው። በአገራችን ስልጠና ሲባል ከይዘቱ ቀድሞ የሚጠየቀው የውሎ አበሉ መጠን እየሆነ መምጣቱን የመንግስት ሰራተኛው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የትራንስፖርት ወጪን መሸፈን ተገቢ ነው። ሆኖም አበል የስልጠናው ዋና መስህብ ከሆነ የሚመጣው ሰው ለአበሉ የሚመጣ ይሆናል። የአሜሪካው ልምድ በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው፤ በብዙ ቦታዎች ሰልጣኙ ራሱ ለትምህርቱ መጠነኛ ክፍያ ይከፍላል። ይህን እንዳለ መገልበጥ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በር መዝጋት ስለሚሆን አይመከርም። ነገር ግን ከምልመላው በፊት አመልካቹ በራሱ ግቢ፣ በባልዲም ሆነ በጆንያ ውስጥ የተከለውን እንዲያሳይ መጠየቅ ገንዘብ ሳያስወጣ ፍላጎትን ለመለየት የሚያስችል መንገድ ነው።

ታዲያ የሚሰለጥነው ሰው ምን ይማር? እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ መጽሐፍን መተርጎም ብዙም አይጠቅምም። ለአብነት የአዲስ አበባን ሁኔታ መውሰድ ይቻላል። በከተማዋ ወንዞች ውሃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ላይ ባለፉት ሁለት አስርት ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ከባድ ብረት በተክሉ ውስጥ ከሰረገ በኋላ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወገድም። ቅጠላቸው የሚበላ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ አትክልቶች ፍሬያቸው ከሚበላው ይልቅ ብረቱን በብዛት የማከማቸት ባህሪ አላቸው። በመሆኑም የመጀመሪያው የትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ዘር ሳይሆን ስለ ውሃ መሆን ይኖርበታል። ነዋሪው የሚያጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ጓሮው ቀድሞ ጋራዥ ወይም የቆሻሻ መጣያ እንደነበረና እንዳልነበረ መጠየቅን ያልተማረ አስተማሪ ጥሩ ምርት እንዲገኝ ሊያደርግ ይችላል፤ ምርቱ ለልጆች የሚበጅ ስለመሆኑ ግን ማረጋገጫ የለውም።

አፈርም እንዲሁ ነው። በከተማዋ ብዙ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥርን ያፍናል፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ ቦታ መደቡን ከፍ አድርጎ መስራትና ብስባሽ መቀላቀል ከማንኛውም የፋብሪካ ማዳበሪያ ይቀድማል። በሌላ በኩል ዝናብ በሚበዛባቸው የደጋ ከተሞች ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ በመሆኑ የተጨመረው ማዳበሪያ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። በደብረ ብርሃንና በጅማ ለሚሰለጥኑ ሰዎች አንድ ዓይነት ማኑዋል ማዘጋጀት ለአሳታሚው ይመቸው ይሆናል እንጂ ለተክሉ አይመቸውም።

የስልጠናው እምብርት ግን ምርመራ ነው። ቢጫ የሆነ የጎመን ቅጠል ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቢጫነቱ የጀመረው ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከሆነ የናይትሮጂን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ከላይኞቹ ለጋ ቅጠሎች ጀምሮ ደም ስሮቹ አረንጓዴ ከቀሩ እንደ ብረት ያለ ንጥረ ነገር አለመድረሱን ያመለክታል። አፈሩ ውሃ ቋጥሮ ሥሩ ከታፈነም ቅጠሉ ይገረጣል። ከቅጠሉ ጀርባ የተሰባሰቡ ጥቃቅን ክሽክሾች ካሉ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። እነዚህን አራቱን ሳይለይ “ዩሪያ ጨምሩበት” የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው ከአራቱ በሦስቱ ይሳሳታል። ሰልጣኙ ከመምከሩ በፊት መጠየቅን፣ ቅጠሉን ገልብጦ ማየትን፣ ጣቱን አፈር ውስጥ አስገብቶ እርጥበቱን መለካትን እንዲለምድ ማድረግ ብዙ ሰዓት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

መጤ ተባዮች ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ አድርገውታል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነውና ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ በ2004 ዓ.ም ገደማ ወደ አገራችን ገብቷል። እጩ በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ቦርቡሮ ስለሚገባ ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት አያገኘውም፤ ብዙ ኬሚካሎችንም የመላመድ ችሎታ አለው። በጓሮ ደረጃ የሚበጀው የተጠቃውን ቅጠል ቶሎ ቆርጦ ማስወገድ፣ ቲማቲምና ድንችን በአንድ መደብ ላይ በተከታታይ አለመትከልና የሚገዛውን ችግኝ አስቀድሞ መመርመር ነው። ይህን የሚነግረው ያጣ ነዋሪ ግን ገበያ ሄዶ ምንነቱ በውል ያልተጻፈበት ብልቃጥ ይገዛል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ ገበያ እንዳይገባ ለመከላከል የወጣ ቢሆንም፣ ህጉ በእያንዳንዱ ጓሮ ተቆጣጣሪ ሊያቆም አይችልም። ሰባት ቀን ሳይሞላው የተረጨ ቲማቲም ተቀንጥሶ ለሰላጣ ሲቀርብ በአካባቢው የሚኖረው ተቆጣጣሪ ጎረቤት ብቻ ነው።

ጉዳዩን ከመዝናኛነት አልፎ የፖሊሲ ርዕስ የሚያደርገው የስርዓተ ምግብ ሁኔታችን ነው። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የስነ ህዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ህጻናት 38 በመቶ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው ያመለከተ ሲሆን፣ ከ6 እስከ 23 ወራት ከሚገኙ ህጻናት በቂ ስብጥር ያለው ምግብ ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አነስተኛ ዳሰሳ የመቀንጨር ምጣኔው 37 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2030 እ.ኤ.አ በህጻናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቆም ያለመ ነው። አንድ ጓሮ ብቻውን ይህን አይፈታም፤ የቤተሰብ ገቢ፣ ንጹህ ውሃና የጤና አገልግሎትም ወሳኝ ናቸው። ሆኖም የምግብ ስብጥር ሲነሳ እንደ ጎመን፣ ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ያሉ የቫይታሚን ኤ ምንጮች በትንሽ መደብ ሊመረቱ መቻላቸው ቀላል ነገር አይደለም። ሽሮና እንጀራ በየቀኑ በሚቀርብበት ማዕድ ላይ አንድ ጭልፋ ጎመን መጨመር ለከተማ ድሃ ቤተሰብ የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ጓሮው ዋጋውን ያወርድለታል።

ከዚህ አኳያ አስተማሪ ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች እጥረት አለ ለማለት አያስደፍርም። በ60 ዓመታቸው ጡረታ የሚወጡ የግብርና ባለሙያዎችና የባዮሎጂ መምህራን በየከተማው አሉ። ከገጠር መጥተው የእርሻ ዕውቀታቸውን ያልረሱ እናቶችና አባቶችም እንዲሁ። በክረምት ወራት የሚሰማሩ ወጣት በጎ ፈቃደኞች ጉልበትና ቅን ልቦና ያላቸው ቢሆንም፣ አትክልት ከነሐሴ በኋላም ውሃና ክትትል ስለሚፈልግ የሁለት ወር ዘመቻ ለዚህ ስራ አይበቃም። ወጣቶቹን ከጡረተኞቹ ጋር አጣምሮ ማሰማራት ሁለቱንም ሊያግዝ ይችላል። መሰባሰቢያ ቦታውንም በተመለከተ እድር የአባላቱን ቤት በስም የሚያውቅ፣ ድንኳንና ወንበር ያለው፣ ነዋሪውም የሚያምነው ተቋም ነው። የእድር ስብሰባ በሚካሄድበት ቀን ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዘርግቶ የታመመ ቅጠል መቀበል የታኮማው የገበያ ማዕከል ሙከራ የእኛ አገር አቻ ሊሆን ይችላል። እድር በሥራው ላይ የመንግስት ሪፖርት እንዲጫንበት እንደማይፈልግ ግን አስቀድሞ መረዳት ያሻል።

አስቸጋሪው ጥያቄ የባለቤትነት ነው። በአትክልትና ፍራፍሬ ምርምር የዳበረ ልምድ ያለው የመልካሳ ማዕከልና በድንች ዝርያዎቹ የሚታወቀው የሆለታ ማዕከል ዕውቀቱ አላቸው፤ ከነዋሪው ጋር የሚያገናኛቸው መስመር ግን ቀጭን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን የማህበረሰብ አገልግሎት የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው፤ ይህ ስራም ለዚያ ኃላፊነት ይስማማል። የከተማ ግብርና ጽህፈት ቤቶች ደግሞ መዋቅርና በጀት አላቸው። ሦስቱ በአንድ ሰነድ ላይ ካልተስማሙ ዩኒቨርሲቲው የምስክር ወረቀት ይሰጥና ይወጣል፤ ጽህፈት ቤቱ የሰልጣኞችን ቁጥር ይመዘግብና ይቀጥላል፤ የተበሳሳውን ቅጠል ይዞ የመጣው ነዋሪ ደግሞ በሩን ዝግ ያገኘዋል። በተለይ የምስክር ወረቀቱን ማን ይፈርማል፣ ማንስ ያድሳል፣ ደንብ የጣሰውን ማን ይሰርዛል የሚሉት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ስልጠና በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ናቸው።

የጊዜ ሰሌዳውም የራሱ ፈተና አለው። ችግኝ በስፋት የሚከፋፈለው በሰኔና በሐምሌ በመሆኑ ሰልጣኞች ለዚያ ወቅት እንዲደርሱ ትምህርቱ በጥር ተጀምሮ ቢዘገይ በሚያዝያ መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ ግንቦት ለተግባር ልምምድ ይቀራል። የመንግስት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ግን ሐምሌ 1 ቀን ነው። ስለዚህ በመጪው ጥር ስልጠና መጀመር የሚፈልግ የከተማ አስተዳደር የአንድ አስተባባሪን የስራ መደብና የስልጠና ቁሳቁስ ወጪን ካለፈው ዓመት የበጀት ዝግጅት ጀምሮ በዕቅዱ ማካተት ነበረበት። ያላካተተ ደግሞ በጥቂት እድሮችና በአንድ ወረዳ ተወስኖ፣ ባለው ባለሙያና በአቅራቢያው ባለ ዩኒቨርሲቲ እገዛ ሙከራውን ከመጀመር የሚያግደው ነገር ብዙ አይደለም። የሙከራው የመጀመሪያ ወጪ ጠረጴዛ፣ አጉሊ መነጽርና የጥያቄ መመዝገቢያ ደብተር ነው።